አያቴ ያቋረጡት መስመር

የዘጠኝ ዓመት ልጅ ሳለሁ አያቴን ለእናቴ ከሰስኳቸው። ክሴ በቤታችን ግድግዳ ውስጥ የሚያልፈውን የኢንተርኔት መስመር ሆን ብለው ያቋርጣሉ የሚል ነበር። የተናገርኩት ሁሉ በዓይኔ ያየሁት ነው፤ አንድም ቃል አልጨመርኩበትም። ያየሁት ነገር ምን እንደነበር ለመረዳት ግን ዓመታት ፈጀብኝ።

ያኔ ታናሽ ወንድሜ አምስት ዓመቱ ነበር። በስሙ የሚጠራው ሰው አልነበረም፤ ሁላችንም «ድምቡሼ» ነበር የምንለው፤ የምንለውም እንደ ክር የቀጠነ ስለነበር ነው። ደረጃ ሲወጣ ከንፈሩ ይጠቁራል፤ ሦስት እርምጃ ሮጦ ቁጢጥ ይላል። ትልልቆቹ ሲያወሩ ልቡ ውስጥ ቀዳዳ አለ ሲሉ ሰማሁ። እኔ ቀዳዳ ሲባል የማውቀው የካልሲ ቀዳዳ ነው፤ እማዬ ደግሞ ልብስ ሰፊ ናት። ለምን ራሷ እንደማትሰፋው ሁለት ቀን ሳስብ ቆይቼ ጠየቅኳት። መርፌዋን አስቀመጠችና አቀፈችኝ።

አባዬ ድምቡሼን ይዞት ሩቅ ወዳለ ትልቅ ሆስፒታል ሄደ። እማዬ አብራ መሄድ አልቻለችም፤ ሆዷ ገፍቶ ነበር፤ ሐኪሙም መንገድ አይሆንሽም ብሏታል። ስለዚህ ቤት የቀረነው እማዬ፣ እኔና የእማዬ አባት አያቴ ነበርን። አያቴን «አባባ» ነበር የምንላቸው።

በቀን አንዴ፣ ከቀኑ አስር ሰዓት ላይ፣ ለግማሽ ሰዓት ድምቡሼን በኮምፒውተር እናየው ነበር። እማዬ ከመቁረጫ ጠረጴዛዋ ላይ ጨርቁን፣ ሜትሩንና ጠመኔውን ጠራርጋ ወደ ጎን ትገፋና ኮምፒውተሩን ታስቀምጣለች። ፀጉሯን ታበጥራለች። ከንፈሯን በጥርሷ ነከስ ነከስ አድርጋ ታቀላለች፤ ልጇ የገረጣች እናት እንዳያይ። ከዚያ ሁለታችንም ሞደሙ ላይ እናፈጣለን። ሞደሙ አምስት አረንጓዴ መብራቶች ነበሩት። ሦስተኛው የመስመሩ ነው። እሱ ከረጋ ድምቡሼ ይመጣል፤ እሱ ብልጭ ድርግም ካለ ግን ወንድሜ አፉን እንደከፈተ ደርቆ ይቀርና ይጠፋል።

ዝናቡ ከገባ በኋላ መብራቱ መርጋት አቃተው። የኮሪደሩ በር ሲዘጋ ይጠፋል። ስልክ ሲጮኽ ይጠፋል። እማዬ ሞደሙን አጥፍታ እስከ አስር ትቆጥርና ታበራዋለች። ገመዱን ነቅላ ትሰካለች። ያልሞከረችው ነገር አልነበረም። በመጨረሻ ስልክ ቤት ደወለች። ያነጋገራት ሰው ከእነሱ በኩል መስመሩ ንጹህ መሆኑን፣ ችግሩ የቤት ውስጥ ዝርጋታ ሊሆን እንደሚችል ነገራትና ቴክኒሻን ይላክ ወይ ብሎ ጠየቃት።

ከሶፋው ላይ አያቴ፣ «ማንም አይመጣም» አሉ።

ይህን ለመረዳት አያቴን ማወቅ ያስፈልጋል። ሠላሳ አራት ዓመት የስልክ መስመር ሠራተኛ ነበሩ። ሰፈርተኛው ሁሉ «ሽቦው» ነበር የሚላቸው። ይህን ቤት ሲሠሩ መስመሩን በገዛ እጃቸው በአራት ክፍል ዘረጉት፤ በሰፈሩ ማድ ቤቱ ድረስ ስልክ የገባለት ቤት የእኛ ብቻ ነበር ይባላል። በእሳቸው ዝርጋታ ቀልድ የለም።

«እኔ ያስተማርኳቸው ልጆች መጥተው የእኔን ሥራ ሊፈትሹ ነው?» አሉ። «እኔው አየዋለሁ።»

«መቼ ነው የሚያዩት አባባ?» አለች እማዬ።

«አየዋለሁ አልኩሽ።»

እማዬ ስልኩን ዘጋችው። አባቷን አሳዝና አታውቅም።

በዚያ ሰሞን ሌላም ነገር ሰምቼ ነበር። የአያቴ የድሮ ካቦ አንዳንድ ቀን ከሰዓት መጥቶ በረንዳው ላይ አብሯቸው ይቀመጣል። እኔ ከመስኮቱ ሥር የአሻንጉሊቴን ቀሚስ ስሰፋ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ሲያወሩ ሰማኋቸው።

«ንገራት እንጂ» አለ ካቦው።

«አሁን? በአንድ ቤት ስንት በሽተኛ ታስታምም?»

«ታዲያ እስከ መቼ ልትደብቃት ነው?»

«ልጁ ደህና ይግባ። ከዚያ በኋላ እንጃ።»

አያቴ የሚደብቁት ነገር እንዳለ ያወቅኩት ያን ቀን ነው። ምን እንደሆነ ግን አላወቅኩም። ይልቅ መርማሪ ሆንኩ። ያየሁትን ሁሉ በልቤ መመዝገብ ጀመርኩ። ጋዜጣውን ሁልጊዜ እኔን ነበር የሚያስነብቡኝ፤ «መነጽሬ ጠፋብኝ» ይሉኛል፤ መነጽሩ ግን ግንባራቸው ላይ ነው። ሻይ ሲቀዱ ጣታቸውን ብርጭቆው ውስጥ ይከታሉ። እኔ ያኔ ስንፍናና ቀልድ አድርጌ ነበር የያዝኩት። ከሁሉ የከበደኝ ግን አስር ሰዓት ሊሆን አምስት ደቂቃ ሲቀረው፣ እማዬ ፀጉሯን ስታበጥር፣ እሳቸው ከሶፋው ብድግ ብለው «እስኪ ልምጣ» እያሉ መውጣታቸው ነው። አንድ ቀን እንኳ ከእኛ ጋር ተቀምጠው ድምቡሼን አላዩትም።

ድምቡሼ በየቀኑ ይጠይቃል። «አባባስ?»

«ሥራ ይዘው ነው የኔ ጌታ።»

«ሁልጊዜ ሥራ ነው?»

እማዬ ትስቅና ወሬ ትቀይራለች። እኔ ግን ይህንንም በልቤ እመዘግበው ነበር።

ሰኞ ዕለት ተከተልኳቸው። ቀዶ ሕክምናው ረቡዕ ነው ተብሎ ነበር። እማዬ ከድምቡሼ ጋር ማውራት እንደጀመረች ከአጠገቧ ሸርተት አልኩና በካልሲ እየተራመድኩ ኮሪደሩን ዘለቅኩት። አያቴ የገቡት መጨረሻ ላይ ካለችው ዕቃ ቤት ነበር። በሩ ገርበብ ብሏል። የእርጥብ ግድግዳና የአሮጌ ቀለም ሽታ መጣብኝ። መደርደሪያው ከግድግዳው ተስቧል። ከኋላው አንዲት ክዳኗ የወለቀ ሣጥን አለች፤ ከውስጧ ባለብዙ ቀለም ቀጫጭን ሽቦዎች እንዳልተበጠረ ፀጉር ተንጨፍርረዋል። አያቴ ቀኝ እጃቸውን ዘርግተው ሁለት ጣታቸውን ሣጥኗ ውስጥ ከተዋል። በግራ እጃቸው የቀኙን ክርን ከሥር ደግፈው ይዘዋል። ግንባራቸው ግድግዳው ላይ ነው። ዓይናቸው ተጨፍኗል። ቆመው የተኙ መሰለኝ።

ሳሎን ውስጥ ስልኩ ጮኸ። አያቴ እንደተነደፈ ሰው ደንግጠው እጃቸውን ሳቡና ጣታቸውን አፋቸው ውስጥ ከተቱ። ወዲያው የእማዬን ድምፅ ሰማሁ። «ሄደ። ተቋረጠ።»

በቃኝ። ከዚህ በላይ ምን ማስረጃ ያስፈልጋል? እጃቸውን ከተቱ፣ እጃቸውን ሳቡ፣ ወንድሜ ጠፋ።

ዛሬ የስልክ መስመር ሲጮኽ በሽቦው ውስጥ ጠንከር ያለ ኤሌክትሪክ እንደሚያልፍ አውቃለሁ። ባዶ ሽቦ በጣቱ ጨምቆ የያዘን ሰው እንደ ንብ ይነድፈዋል። አያቴ በየቀኑ ግማሽ ሰዓት ሙሉ ይህን እየጠበቁ ነበር የሚቆሙት። ያን ቀን የደወለችው ቀሚሷ ደርሶ እንደሆነ ለመጠየቅ የፈለገች የእማዬ ደንበኛ ነበረች።

እየሮጥኩ ሳሎን ገባሁ።

«እማዬ፣ አባባ ናቸው የሚያቋርጡት።»

«ምን?»

«ዕቃ ቤት ገብተው ሽቦውን ይነካካሉ። አሁን አይቻቸዋለሁ። በየቀኑ ነው የሚገቡት። ድምቡሼን እንድናየው አይፈልጉም።»

እማዬ ሆዷን በእጇ ደግፋ ተነሣችና በኮሪደሩ ሄደች። አያቴ የዕቃ ቤቱን በር እየዘጉ ነበር። ሁለቱ ፊት ለፊት ቆሙ። እኔ ከእማዬ ቀሚስ ኋላ ነበርኩ።

«አባባ፣ መስመሩን የሚነኩት እርስዎ ነዎት?»

አያቴ ጣታቸውን በመዳፋቸው እያሹ ነበር።

«እጄ ነው» አሉ ቀስ ብለው። «አዎ። የእኔ እጅ ነው።»

«ለምን?»

እማዬ ብትጮኽ ይሻል ነበር። አልጮኸችም። «ከነገ ወዲያ የልጄ ደረት ይከፈታል» አለች። «የነገዋ ግማሽ ሰዓት ከዚያ በፊት የመጨረሻዋ ናት። ሰው እጠራለሁ አባባ። ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ ግን እጠራለሁ።»

አያቴ ራሳቸውን በእሺታ ነቀነቁ። እማዬ እዚያው ስልክ ቤት ደወለች። እኔ አያቴ ሲገዘቱ፣ ሲቆጡ ልሰማ ጠብቄ ነበር፤ እሳቸው ግን ሶፋው ላይ ተቀምጠው የቀኝ ክንዳቸውን በግራቸው እያሹ ቆዩ። ምንም ያልተናገሩት ጥፋተኛ ስለሆኑ ነው ብዬ አሰብኩ።

በማግሥቱ ሰባት ሰዓት ላይ ቴክኒሻን መጣች። ወንድ ስጠብቅ ሴት ስለሆነች በሩን ከፍቼ አፈጠጥኩባት። የመሣሪያ ቦርሳዋን በትከሻዋ አንግታለች፤ ካቻቢቴዋ ከጆሮዋ ኋላ ተሰክቷል። ከማንም ጋር ወሬ ሳትጀምር መጀመሪያ በውጭው ግድግዳ ላይ ያለውን ሣጥን ከፈተችና የራሷን ሞደም ሰካችበት። ሦስተኛው መብራት በራ። አምስት ደቂቃ ቆመን አየነው። አልተንቀሳቀሰም።

«ከመንገዱ እስከ ግድግዳችሁ ደህና ነው እታለም» አለቻት እማዬን። «የታመመው ከግድግዳችሁ እስከ ሞደሙ ያለው ነው።»

ከዚያ ወደ ውስጥ ገብታ የየክፍሉን ሶኬት ፈታች። የመኝታ ቤቱን ነቀለችና መብራቱን አየች። የማድ ቤቱን ነቀለች፣ አየች። በመጨረሻ ወደ ዕቃ ቤቱ ሄደች። እኔ እግር በእግር ተከተልኳት፤ ወንጀሉ የሚጋለጠው እዚያ ነበርና። አያቴ ከኋላችን መጥተው በሩ ላይ ቆሙ።

ባትሪዋን ወደ ሣጥኗ አበራች። መጋጠሚያዎቹ ሁሉ በእርጥበት ብዛት አረንጓዴ ዝገት ለብሰዋል። የብሎኖቹ ራስ ተበልቷል። አንዲት ሽቦ ብቻ ጫፏ እንደ አዲስ ሳንቲም ታበራለች፤ ተቆርጣ አጥራለች፤ የትም አልታሰረችም።

«ማን ነው የዘረጋው?» አለች።

«እኔ» አሉ አያቴ።

«ስንት ዓመት ሆነው?»

«ሠላሳ ሁለት።»

ወደ እሳቸው ዞረች። መጀመሪያ ፊታቸውን፣ ቀጥሎ ጣታቸውን አየች። አውራ ጣታቸውና ሌባ ጣታቸው ጫፍ ላይ አረንጓዴ ነገር ተጣብቆ ነበር። ከዚያ «አባባ፣ እስኪ ያቺን ሰማያዊዋን ያቀብሉኝ» አለች።

አያቴ ቀረብ ብለው እጃቸውን ሰደዱና አንዲት ሽቦ ስበው ሰጧት። አረንጓዴ ነበረች። «ሰማያዊ እኮ...» ብዬ አፌን ስከፍት ቴክኒሻኗ አየችኝ። አልተቆጣችም፤ ብቻ አየችኝ። አረንጓዴዋን ተቀበለቻቸውና አመሰገነቻቸው፤ ከዚያ ራሷ ሰማያዊዋን ፈልጋ ያዘች።

ከዚያ ወዲያ ሴትዮዋ የምትሠራውን ሁሉ ጮክ ብላ መናገር ጀመረች።

«ሰማያዊዋን ይዣለሁ አባባ። ከነጯ ጋር ነው የምትሄደው?»

«ከነጯ ጋር ነው። ቡናማዋን ተያት፣ የማድ ቤት ናት።»

«ብርቱካናማዋስ?»

«የመኝታ ቤት። ከሥሯ ሌላ አለች፣ እሷ የትም አትሄድም። መጠባበቂያ ብዬ ነው የተውኳት።»

«እውነትም አለች።»

አያቴ ሣጥኗን አያዩም ነበር። ጣራውን እያዩ ነበር የሚመልሱት። ድምፃቸው ቀስ በቀስ ከፍ አለ፤ ጀርባቸውም ቀና አለ። እኔ በሆዴ፣ ይቺ ሴትዮ ሥራ አትችልም፣ ሁሉን እየጠየቀች ነው የምትሠራው እያልኩ ስቄባት ነበር። ዛሬ ሳስበው፣ አንድም ጥያቄ ማንሣት አያስፈልጋትም ነበር። ቀለሞቹን በድምፅ የጠራችው እሳቸው ማየት ስለማይችሉ ነው፤ የጠየቀችውም ሥራው የእሳቸው ሆኖ እንዲያልቅ ነው።

በመጨረሻ አሮጌዎቹን ቅርንጫፎች ሁሉ አለያየችና ከውጭው ሣጥን እስከ እማዬ መቁረጫ ጠረጴዛ ድረስ አንድ አዲስ ገመድ በኮሪደሩ ጥግ ዘረጋች። ለእማዬ ስታስረዳት ሰማሁ፤ የድሮው ዝርጋታ ለስልክ ድምፅ ተብሎ የተሠራ ነው፣ ለዚያ ዛሬም ያገለግል ነበር፣ ኢንተርኔት ግን ቅርንጫፍ በበዛበትና መጋጠሚያ በዛገበት መስመር አይረጋም አለቻት። ለአስር ሰዓት ሩብ ጉዳይ ሲሆን ቦርሳዋን ዘጋች።

እማዬ እስከ ውጭ በር ሸኘቻት። በመስኮት አየኋቸው። ቴክኒሻኗ ጎንበስ ብላ አንድ ነገር ነገረቻት። እማዬ አፏን በመዳፏ ያዘች። የአያቴ ጥፋት የባሰ ሆኖ ተገኘ ማለት ነው ብዬ ደስም አለኝ፣ ፈራሁም።

ቴክኒሻኗ የነገረቻትን ያወቅኩት አድጌ እማዬን ስጠይቃት ነው። «አባትሽ መስመሩን ሲያቋርጡ አልነበረም እታለም» ነበር ያለቻት። «በጣታቸው ሲያገናኙ ነበር። ልጠግን ብለው ሽቦዋን በስህተት ቆርጠዋታል፤ መልሰው ማሰር አልቻሉም። ዓይናቸውን ሐኪም ዘንድ አሳዪላቸው።»

እማዬ ፊቷን ታጥባ ገባች። ከመቁረጫ ጠረጴዛው ፊት ሁለተኛ ወንበር አስጠጋች። አያቴ እንደ ልማዳቸው ተነሥተው «እስኪ ልምጣ» ሲሉ እጃቸውን ያዘቻቸው።

«ዛሬ የትም አይሄዱም አባባ። እዚህ ይቀመጡ።»

ተቀመጡ። ሦስተኛው መብራት በራና ረጋ። ድምቡሼ መጣ፤ ነጭ የሆስፒታል ልብስ ለብሶ፣ አባዬ ከኋላው ደግፎት። እሱ ገና አንቱታ አልገባውም ነበር።

«አባባ» አለ። «የት ነበርክ?»

አያቴ መልስ ሳይሰጡ ወደ ኮምፒውተሩ ጎንበስ አሉ። አሁንም ጎንበስ አሉ። አፍንጫቸው መስታወቱን ሊነካ ደረሰ።

«አፍንጫህ ብቻ ነው የሚታየኝ» አለና ድምቡሼ ሳቀ። ከንፈሩ እስኪጠቁር ሳቀ። አባዬ «ቀስ» አለው። እኔም ሳቅኩ።

«እኔም ያንተ አፍንጫ ብቻ ነው የታየኝ» አሉ አያቴ። ውሸታቸውን ነበር፤ አፍንጫውም አልታያቸውም። ከብርሃን ውስጥ የሚንቀሳቀስ ጥላ ነበር የሚያዩት። «እዚሁ ነበርኩ» አሉት። «ግድግዳው ውስጥ ሥራ ነበረኝ። አልቋል።»

«ነገ ትመጣለህ?»

«ነገ አንተ ትተኛለህ። ስትነቃ እመጣለሁ።»

ግማሽ ሰዓቱ አንዴም ሳይቆረጥ አለቀ። እማዬ ያን ጊዜ ሁሉ የአያቴን ቀኝ እጅ በጉልበቷ ላይ ይዛ፣ ሳታየው፣ ጣታቸውን በአውራ ጣቷ ስታሽ ነበር። ቅጣት መስሎኝ ስንት እንደሚቆይ እጠብቅ ነበር።

ረቡዕ ቀኑ አልመሽ አለን። ዘጠኝ ሰዓት አልፎ አባዬ ደወለ። እማዬ ስልኩን አንሥታ ከሰማች በኋላ ወለሉ ላይ ተቀመጠች፤ ነፍሰ ጡር ስትቀመጥ እንዴት እንደሚከብድ አውቃለሁና ልይዛት ሮጥኩ። «ተሰፋ» አለችኝ። «ተሰፋልሽ።»

ድምቡሼ በወሩ ገባ። እህታችን ተወለደች። ከዚያ እማዬ ከአራስነት ገና ሳትወጣ አያቴን ዓይን ሐኪም ዘንድ ወሰደቻቸው። መጀመሪያ አንዱ፣ ቀጥሎ ሌላው ዓይናቸው ላይ ያለው ሞራ ተገፈፈ። ፋሻው የተፈታ ሳምንት ሁላችንንም በየተራ ፊት ለፊት እያቆሙ «ምነው እንዲህ አረጃችሁ?» ሲሉን ከረሙ። እኔ የዘጠኝ ዓመት ልጅ ነበርኩ።

ክሴን ለረጅም ጊዜ አላነሣሁትም። እማዬ እውነቱን ስትነግረኝ አሥራ አራት ዓመቴ ነበር፤ ከዚያ ጊዜ ጀምሮ ከአያቴ ጋር ለብቻችን መቀመጥ እሸሽ ነበር። አሥራ ዘጠኝ ሲሞላኝ ለትምህርት ከቤት ልወጣ ሆነ። በዋዜማው ከሰዓት በረንዳው ላይ ብርቱካን እየላጡ አገኘኋቸው። ሰማንያ አራት ዓመታቸው ነበር። ልጣጩን ሳይበጥሱ አንድ ረጅም ጥምዝ አድርገው ያወርዱታል።

«አባባ» አልኩ። «ያኔ ለእማዬ የነገርኳት እኔ ነኝ። ስለ ሽቦው።»

«አውቃለሁ።»

«እማዬ ነገረችዎት?»

«ምን ትነግረኛለች። በሩ ላይ ቆመሽ ሰምቼሻለሁ። ጉንፋን ይዞሽ ነበር፤ አፍንጫሽ ያፏጫል።»

«ታዲያ ለምን አላባረሩኝም?»

ቢላውን አስቀመጡ።

«ክንዴ አልቆ ነበር» አሉ። «በማግሥቱ ልይዘው እንደማልችል ገባኝ። ሰው ጥሪ ብዬ እንዳልነግራት ደግሞ፣ ስንት ጊዜ ማንም አይመጣም ብያለሁ። የዓይኔም ነገር አለ። አፌ እምቢ አለኝ። አንቺ በሩ ላይ ቆመሽ ስታፏጪ ስሰማ፣ ይቺ ልጅ ምስጢር አትችልም፣ ሄዳ ትነግራታለች አልኩ። ደስ አለኝ።»

«እኔ እኮ ክፉ ሰው ናቸው ብዬ ነው የነገርኳት» አልኩ።

«ክፉ ብትዪኝም ብትዪኝ፣ ብቻ እንኳን ነገርሻት» አሉና ብርቱካኑን ለሁለት ከፍለው ትልቁን ለእኔ ሰጡኝ።